ጋራዥ ውስጥ የተውሽው ስኖውሹ

ልጄ፣ እንዴት ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ እንደ ልማዷ ትቆጣኛለች፤ ያው ደህና ነች ማለት ነው።

በስልክ ጀምሬልሽ ያልጨረስኩትን ነው የምጽፍልሽ። ስልክ ላይ ስትስቂብኝ ሐሳቤ ይበተናል። በየካቲት ከጓደኞችሽ ጋር ተራራው ሥር ወዳለችው ከተማ፣ ኤስተስ ፓርክ፣ ልትወጪ ነው። «አባዬ፣ የትኛው መንገድ ይሻላል?» አልሽኝ። እኔን! ሃያ ዓመት ሙሉ ከኤርፖርት ሰው እየጫንኩ እዚያ ሳደርስ የማውቀው የሆቴል በርና ነዳጅ ማደያ ብቻ ነበር። ስታንሊ ሆቴል ደጅ ላይ ስንት ሻንጣ አውርጃለሁ። ሰዉ በረዶ ላይ ሊሄድ ከፍሎሪዳ ድረስ ይመጣል። እኔ በሆዴ «ጥጋብ ነው» እያልኩ መኪናዬን አዙሬ ወደ ቤቴ፣ ወደ አውሮራ። በረዶ ለኔ ጠዋት ከመኪና መስታወት የሚፋቅ፣ ከደጅ በአካፋ የሚዛቅ ዕዳ ነበር።

ዘጠነኛ ክፍል ሆነሽ ያመጣሽው ወረቀት ትዝ ይልሻል? ክፍላችሁ በሙሉ ተራራ ሊሄድ ነው፣ ወላጅ ይፈርም የሚል። «ልጄን በረዶ ላይ አልጥላትም» አልኩ። አላለቀስሽም። ወረቀቱን አራት ቦታ አጠፍሽና ቦርሳሽ ውስጥ ከተትሽው። ያ አስተጣጠፍሽ አሁን ነው የሚከነክነኝ።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። በታኅሣሥ ጋራዥ ሳጸዳ ያንቺን ስኖውሹ፣ በረዶ ውስጥ እንዳይሰመጥ ጫማ ሥር የሚታሰረውን ሰፊ መርገጫ፣ አገኘሁት። በመጀመሪያ ደሞዝሽ ገዝተሽው ስትመጪ «ወንፊት ነው እንዴ?» ብዬ የሳቅኩብሽን። አብሮኝ ይነዳ የነበረው ጓደኛዬ፣ ሐኪም ስኳርህን በእግር አውርደው ካለው ወዲህ በየዊንተሩ እዚያ ይወጣል። (ክረምት እንዳልል፣ ክረምት ስል ጭቃና የተጠበሰ በቆሎ ነው የሚመጣብኝ።) «ና ሞክረው» አለኝ። ያንቺን ባጠልቀው ደግሞ ለካ የሚለካው በጫማ ቁጥር ሳይሆን በክብደት ነው። ያንቺ እኔን አይሸከምም። ከተማው ውስጥ ተከራየሁ።

ገና ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ነበር፣ በጾሙ። ላየንስ የምትባለዋን ከተማ አልፈን ኤስተስ ፓርክ ስንገባ መንገዱ ላይ አንዲት ቅንጣት በረዶ የለም። ኤልክ የሚባሉት ትልልቅ አጋዘኖች ደረቅ ሣር ላይ ተኝተው ያመሰኳሉ። «ይሄው፣ በረዶ የለም፣ እንመለስ» አልኩ። ጓደኛዬ መልስም አልሰጠኝ። ከከተማው አልፈን ብሔራዊ ፓርኩ ገብተን ቤር ሌክ ወደሚባለው ሐይቅ ሽቅብ ስንነዳ ከመንገዱ ግራና ቀኝ በረዶው እያደገ፣ እያደገ ሄደ። ስለዚህ ከተማው ደርቋል ብለሽ እንዳትታለዪ። በየካቲት መጨረሻና በመጋቢት ደግሞ የላይኛው በረዶ ይብሳል።

ከፍታውን ሳየው ገረመኝ። ኤስተስ ፓርክ 2,300 ሜትር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ በይው። ቤር ሌክ 2,890 ገደማ፣ የኔ ደብረ ብርሃን። ኤመራልድ ሌክ 3,080 ገደማ፣ እንጦጦ ሊሆን ጥቂት የቀረው። በደጋ ልጅነቴ ልኩራራ ስል ሳንባዬ ሃያ ዓመት መሪ ጨብጦ መቀመጡን አስታወሰኝ። ያንቺ ጓደኞች ደግሞ ከዳላስ ነው የሚመጡት፤ ዳላስ 200 ሜትር እንኳ አይሞላም። የመጀመሪያውን ሌሊት እኛ ጋ እደሩ፣ ውኃ ጠጡ፣ በማግስቱ ውጡ።

ልብስ ላይ ተሳስቼ ነበር። ከውስጥ ወፍራም የጥጥ ሹራብ፣ ከላይ ትልቁ ጃኬቴ። ሩብ ሰዓት ሳንሄድ ላብ በላብ ሆንኩ። ትንሽ ስንቆም ያ ላብ ጀርባዬ ላይ በረዶ ሆነ። ጥጥ አንዴ ከረጠበ አይሞቅም። አያትሽ በኅዳር፣ ውርጭ ባቄላውን በሚያቃጥልበት ሰሞን፣ ከብት ሲያግዱ የሚለብሱት የመንዝ በርኖስ ነበር፤ የበግ ጸጉር። ቢረጥብም ይሞቃል። የማውቀውን ነገር አሜሪካ መጥቼ ረሳሁት። አንቺ ከውስጥ ሱፍ ልበሺ። ስትነሺ ትንሽ ይብረድሽ፤ ስትሄጂ ይሞቅሻል።

ስኖውሹ አረማመዱ ከባድ አይደለም። እግርን ትንሽ ከፈት አድርጎ መሄድ ነው። ጣቶችሽ ሥር ያለው የብረት ጥርስ በረዶውን ይነክሳል፣ ተረከዝሽ ይነሳል። ወደ ኋላ መራመድ ግን አይሆንም። ፎቶ ላነሳ ወደ ኋላ ስሄድ ጅራቱ ተሰካና በጀርባዬ ተዘረርኩ። ስነሳ ደግሞ ከመንገዱ ወጥቼ አንድ ጥድ ሥር ቆምኩ። ልጄ፣ ከቅርንጫፉ ሥር ያለው በረዶ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። እስከ ጭኔ ሰመጥኩ። ስኖውሹው ከታች ተይዞ አልወጣ አለ። ጓደኛዬ በዱላው ጎትቶ ሲያወጣኝ አንዲት ሴትዮ ከነልጇ ቆማ ታየናለች። ልጇ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። ስኖውሹ አድርጋ ቀጥ ብላ ቆማለች።

መንገዱ ይሄ ነው። ከቤር ሌክ ተነስታችሁ ኒምፍ ሌክ ግማሽ ማይል፣ ድሪም ሌክ 1.1፣ ኤመራልድ 1.8። መመለሻው ሌላ ነው፣ በእጥፍ ቁጠሪው። በረዶ በሌለበት ወቅት የሚኬድበት መንገድ በረዶ ሥር ስለሚቀበር ሰው የሚከተለው ዱካ ነው። ዱካ ደግሞ ያሳስታል። አንዱ በስኪ የወረደበት ይሆናል፣ አንዱ ራሱ ጠፍቶ የዞረበት። ካርታውን ስልክሽ ላይ አስቀድመሽ አውርጂ፤ ስልኩን ገላሽ አጠገብ ያዢው፣ ብርድ ባትሪ ይጨርሳል። የውኃ ጠርሙሱን ቦርሳ ውስጥ ገልብጠሽ አስቀምጪ፤ በረዶ ከላይ ነው የሚጀምረው፣ ስትገለብጪው አፉ አይዘጋም። ስንቃችን ቆሎና በሶ ነበር፣ ሻይም በፔርሙዝ። ቆሎዬን ስዘግን አንዲት ግራጫ ወፍ መጥታ ጓንቴ ላይ ልታርፍ ምንም አልቀራት። መመገብ ክልክል ነው። ዓይኗን ዓይኗን እያየሁ በላሁ፣ ኃጢአት መሰለኝ።

ድሪም ሌክ ስንደርስ ነፋሱ መጣ። ሐይቁ ረግቷል፤ ነፋሱ በረዶውን ጠርጎለት ሰማያዊ መስታወት ሆኗል። ከፊት ሃሌት ፒክ የሚባለው ተራራ እንደ ግድግዳ ቆሟል። ፊቴ ላይ የሚመታኝ የበረዶ ብናኝ እንደ አሸዋ ነው። ጓደኛዬ «በቃ፣ እዚህ ነው» አለ። ሃያ ዓመት አልወጣም ያልኩ ሰውዬ፣ አሁን አልመለስም አልኩ። ኤመራልድ 0.7 ማይል ነው የቀረን! እሱ ስልኩን አውጥቶ የኮሎራዶን የበረዶ ናዳ ማዕከል የዕለቱን ትንበያ አሳየኝ። ከድሪም ሌክ በላይ መንገዱ በገደላማ ተዳፋት ሥር ያልፋል። የበረዶ ናዳ በብዛት የሚነሳው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ካዘነበለ ቦታ ነው። «አንተ ተዳፋቱ ላይ መውጣት የለብህም፣ ሥሩ መቆም ይበቃል» አለኝ። አኮረፍኩ። ተመለስን። እስከ ቤር ሌክ አላናገርኩትም።

ስለዚህ አንቺም ጠዋት ትንበያውን ሳታዪ ከድሪም ሌክ እንዳታልፊ። በጊዜ ተነሺ፤ ተራራው ፀሐይዋን ቀድሞ ይጋርዳታል። የተከራያችሁት መኪና ጎማው ለበረዶ የሚሆን መሆኑን ጠይቂ። ይሄ እንኳ የሙያዬ ነው፣ አትከራከሪኝ።

ማታ ቤት ስገባ እናትሽ «ምን አገኘህ?» አለችኝ። ምን ልበላት? ኒምፍ ሌክ ጋ ነፋሱ ፀጥ ሲል ከቅርንጫፍ ላይ በረዶ ሲወርድ ድምፅ የለውም። እሱን ነገርኳት። «ለዚህ ነው?» አለች። ያኔ ወረቀቱን ሳልፈርምልሽ ስቀር የከለከልኩሽ እሱን ነው፣ ይቅር በዪኝ።

የስኖውሹሽ የግራው ማሰሪያ ተበጥሶ ነበር፤ በሰም ክር ሰፍቼዋለሁ፣ ጎትቼም አይቼዋለሁ። ለጓደኞችሽ ግን እዚያው ተከራዩ። ከነሱ ጋር ስትጨርሺ አንድ ቀን ለኛ አስተርፊ። ስፕሬግ ሌክ የሚባል አለ፣ ዙሪያው ሜዳ ነው፣ እናትሽን አያደክማትም። እምቢ እያለች ነው። ትናንት ግን ቁም ሳጥን ከፍታ የሱፍ ካልሲ ስትቆጥር አየኋት።

አባትሽ