ሻማው የሆማ ነው ያለው ማነው?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ ካንድልስቲክ ቻርት፣ የገበያ ዋጋን ውጣ ውረድ በሻማ ቅርጽ ስለሚያሳየው ሥዕል፣ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ጃፓናዊው የሩዝ ነጋዴ ሙኔሂሳ ሆማ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈለሰፈው ብላችሁ በአንድ መስመር ዘጋችሁት። እኔም የፎሬክስ (የውጭ ምንዛሪ ንግድ) ሥልጠና ስወስድ የተነገረኝ ይኸው ነው። አሠልጣኛችን የሆማ ነው ያለውን ሥዕል ሳይቀር በስክሪን አሳይቶናል።

ሆማ የጃፓኗ ከተማ የሳካታ ሰው ነው፤ በሩዝ ንግድ ስሙ የገነነ። በዘመኑ በኦሳካው የዶጂማ ገበያ ሩዙን ሳያዩ በውል ብቻ ይገበያዩ ነበር። ስለ ገበያ ጠባይም ጽፏል። ሻማ ስለ መሳሉ ግን ማስረጃ የለም። ሻማውን ለምዕራባውያን ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ስቲቭ ኒሰን ራሱ ቻርቱ የመጣው ከሆማ በኋላ፣ በሜጂ ዘመን (ከ1868 እስከ 1912 እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ሳይሆን አይቀርም ባይ ነው።

ለእኔ የሚጥመኝ የኒሰን የራሱ ታሪክ ነው። በ1987 (እ.ኤ.አ.) አንዲት ጃፓናዊት ደላላ ቢሮ ተቀምጧል። ሴትዮዋ የቻርት መጽሐፏን እያገላበጠች ድንገት «እይ፣ መስኮት!» አለች። የምን መስኮት? እኛ ጋፕ የምንለው፣ ዋጋው ዘሎት ያለፈው ባዶ ቦታ ኖሯል። ምዕራባውያን ጋፑ ተሞላ ሲሉ ጃፓኖቹ መስኮቱ ተዘጋ ይላሉ። ቀጥላ ዶጂ አለች፣ ጥቁር ደመና አለች፤ የሻማ ቅርጾች ስም ነው። ሰውዬው በዚያው ተነድፎ ቀረ። በ1989 በአንድ የገበያ መጽሔት ላይ ጻፈ፤ በ1991 ደግሞ መጽሐፉን አወጣ።

ሻማው በምዕራቡ ዓለም ቶሎ የተለመደበትም ምክንያት ቀላል ነው። ምዕራባውያን ዋጋን በቀጭን መስመር በሚያሳየው ባር ቻርታቸው ላይ መክፈቻ፣ መዝጊያ፣ ከፍተኛና ዝቅተኛ ዋጋ ድሮም ነበራቸው። ሻማው አዲስ ቁጥር አልጠየቃቸውም። በመክፈቻና በመዝጊያ መካከል ያለውን አወፍሮ ቀለም ቀባው፣ አለቀ። ገዢው አሸንፎ ይሁን ሻጩ በአንድ እይታ ይለያል። (ጃፓኖቹ «የሻማ እግር» ነው የሚሉት፤ እግሩ መንገድ ላይ ቀርቷል።)

እርማት ካወጣችሁ ሴትዮዋን አትርሷት። የሆማን ስም በየሥልጠናው ሰምቻለሁ፤ የእሷን ስም ግን አንድም ቦታ ሲነሳ አልሰማሁም።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ