የተማሪነት ዘመኗንም ጻፉልን

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ስለ ሜይም ቢያሊክ ያወጣችሁትን ጽሑፍ እዚህ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ዋርካ ሥር ቁጭ ብዬ አነበብኩት። በልጅነቷ በአሜሪካ ቴሌቪዥን የተከታታይ ድራማ መሪ ተዋናይ ነበረች። ድራማው እ.ኤ.አ. በ1995 ሲያበቃ ሎስ አንጀለስ ካለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተምራ በ2007 በነርቭ ሳይንስ ዶክትሬቷን ያዘች። አሥራ ሁለት ዓመት! እናንተ ግን በአንድ መስመር አለፋችሁት፤ ቅር ያለኝ እሱ ነው።

የ9ኛ ክፍል ልጄ ለትምህርት ቤት ትያትር የምትለውን ከባዮሎጂ ደብተሯ ጀርባ ጽፋ፣ እኔ እንጀራ ስጋግር ከምጣዱ አጠገብ ቆማ ታሰማኛለች። ጎረቤቶቼ «ትያትር ከትምህርቷ ያዘናጋታል» ይሉኛል። የልብን ክፍሎችም እዚያው ቆማ አንድ ሳታስቀር በቃሏ ስትወጣቸው ግን አልሰሟትም። እባካችሁ የቢያሊክን የተማሪነት ዘመን በሰፊው አውጡልን፤ ቡና ላይ አነብላቸዋለሁ።

አንዲት እናት፣ ከባሕር ዳር