ከመጻሕፍት ጀርባ የተሸጎጡ ወረቀቶች

የኔ እናት፣ እንደምን ሰነበትሽ?

ባለፈው በስልክ «ሕክምናና ግጥም አብረው አይሄዱም፣ አንዱን ልተው ነው» ስትይኝ የምለው ጠፍቶኝ ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ ግን እንግሊዛዊው ገጣሚ ጆን ኪትስ ከሐሳቤ አልወጣ አለ። እስቲ ስለ እሱ ላጫውትሽ። ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው።

ኪትስ በ1795 ለንደን ተወለደ። በስምንት ዓመቱ አባቱ ከፈረስ ወድቆ ሞተበት። በ14 ዓመቱ እናቱን ሳንባ ነቀርሳ ወሰደበት። ከአንድ ሐኪም ዘንድ ሙያ ሲማር ቆይቶ በ1815 ጋይስ ሆስፒታል ገባ። ማደንዘዣ ባልነበረበት ዘመን፣ ሰው እየጮኸ ሲቆረጥ አጠገቡ ቆሞ ቁስል ያሽግ ነበር። በ1816 የሙያ ፈቃዱን አገኘ። ብዙም ሳይቆይ ሁሉንም ትቶ ግጥም ላይ ተቀመጠ።

በ1818 አንድ መጽሔት «ወደ ሱቅህ፣ ወደ ፕላስተርህና ወደ ክኒንህ ተመለስ» ብሎ ተሳለቀበት። ይህን ሳነብ ደሜ ይፈላል። ያኔ ልጁ የታመመ ወንድሙን ቶምን እያስታመመ ነበር። ዓመቱ ሳያልቅ ቶምም እንደ እናቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ።

በ1819 ጸደይ ሃምፕስቴድ ውስጥ ከጓደኛው ከቻርልስ ብራውን ጋር ይኖር ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ከቁርስ ገበታ ወንበሩን ይዞ ወጣና ፕሪም ዛፍ ሥር ተቀመጠ። ናይቲንጌል የምትባል ወፍ ግቢው አጠገብ ጎጆ ሠርታ ትዘምር ነበር። ሁለት ሦስት ሰዓት ቆይቶ ሲገባ ብጥስጣሽ ወረቀቶች ይዟል። ቀስ ብሎ ከመጻሕፍት ጀርባ ሸጎጣቸው። ብራውን ነው አውጥቶ ቅደም ተከተሉን ያስያዘው። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው የናይቲንጌል ግጥም ያ ነው።

በዚያው ዓመት ገንዘብ ሲያጥረው የመርከብ ሐኪም ልሁን ብሎም አስቦ ነበር። አየሽ፣ እሱም ቁርጡን አላወቀም ነበር።

በፌብሩዋሪ 1820 አልጋው ላይ እንዳለ ሳል ያዘው። አንሶላው ላይ አንዲት ጠብታ ደም ወደቀች። ብራውንን ሻማ አምጣልኝ አለው። አየና፣ ይህን ቀለም አውቀዋለሁ፣ ከደም ቅዳ የመጣ ነው፣ የሞት ፍርዴ ነው አለ። ልጄ፣ እኔ ቲቢ ክፍል ስሠራ ያንን ደማቅ ቀይ አይቻለሁ። መሐረባቸውን ጨብጠው ከእኔ የሚደብቁ ነበሩ። እኛ ግን መድኃኒት ነበረን። እሱን ሐኪሞቹ ደም እያፈሰሱ፣ ምግብ እየከለከሉ ነው ያዳከሙት።

አየሩ ይሻልሃል ተብሎ ሮም ሄደ። ሠዓሊው ጆሴፍ ሴቨርን እስከ መጨረሻው አስታመመው። በፌብሩዋሪ 23፣ 1821 ሲሞት ገና 25 ዓመቱ ነበር። መቃብሩ ላይ ስሙ የለም። በምኞቱ የተጻፈው «ስሙ በውኃ ላይ የተጻፈ ሰው እዚህ አርፏል» የሚል ነው።

እሱ ጊዜ አላገኘም። አንቺ አለሽ። ስለዚህ ዘንድሮ ምንም አትተዪ። ፈተናሽንም ተፈተኚ፣ ግጥምሽንም ጻፊ።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ክረምት ላይ ክፍልሽን ሳጸዳ፣ ከአናቶሚ መጽሐፍሽ መሃል አራት የታጠፉ ወረቀቶች ወደቁ። የመጀመሪያውን ስንኝ አየሁና መልሼ አስገባኋቸው። ስለ አያትሽ እጅ ነው መሰለኝ። ለፋሲካ ስትመጪ ይዘሻቸው ነይ። ቡና አፍልቼ እጠብቅሻለሁ፣ አንቺው ታነቢልኛለሽ።

እናትሽ