ላረጀ ቀለምና ለተቃጠለ ቦይለር የተቆረጠብኝ ገንዘብ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

ለአፓርታማው አስተዳደር ድርጅት
የተከራዮች አገልግሎት ክፍል
አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ። አራተኛ ፎቅ ላይ ባለው ባለሁለት መኝታ ቤታችሁ አራት ዓመት ተከራይቼ ኖሬ በቅርቡ ለቅቄያለሁ። ኪራዩን በየወሩ በባንክ ከፍያለሁ። የመብራትም የውኃም ውዝፍ የለብኝም። ስገባ ካስያዝኩት 30,000 ብር ላይ የመለሳችሁልኝ ግን 2,600 ብር ብቻ ነው።

የላካችሁልኝ ሂሳብ አራት መስመር ነው። ቀለም 16,000፣ ቦይለር 7,500፣ ጽዳት 2,500፣ የማእድ ቤት ቧንቧ 1,400። ደረሰኝ የለውም። ስንት ጋሎን ቀለም እንደገባ፣ ለሠራተኛ ስንት እንደተከፈለ አይልም።

ከትንሹ ልጀምር። የቧንቧውን እከፍላለሁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በውል ሌላ ነገር ካልተባለ በቀር የበር፣ የመስኮት፣ የወለልና የውኃ ቧንቧ ጥገናን ተከራዩ ላይ ይጥላል። እሺ ብያለሁ። ያው ሕግ ግን በእርጅና ብቻ ወይም ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት የመጣውን ጥገና ተከራዩ አይሸከምም ይላል። ጸባችን እዚህ ላይ ነው።

ቀለሙን እንየው። ቁልፍ ባስረከብኩ ቀን ተቆጣጣሪያችሁ ሳሎን ገብቶ ግድግዳውን በጣቱ እየነካ «ይሄ ሁሉ ይቀባል» አለኝ። ግድግዳው ላይ ሚስማር የለም፣ የልጅ እርሳስ የለም፣ ጭረት የለም። ቁም ሳጥኑ የነበረበት ቦታ ላይ ቀለሙ እንደ ድሮው ክሬም ነው። ዙሪያው በፀሐይ ገርጥቷል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ፀሐይ ያላገኘው ደህና ነው፣ ያገኘው ደብዝዟል። እኔ ደግሞ ፀሐይን አልተከራየሁም።

የመኝታ ቤቱ ኮርኒስ ላይ ያለውን ቡናማ እድፍም ከቀለሙ ጋር ደምራችሁታል። ውኃው የመጣው ከላይኛው ፎቅ መታጠቢያ ቤት ነው። ያኔውኑ በቴሌግራም ፎቶ ልኬ አሳውቄያለሁ። የራሳችሁ ቧንቧ ሠራተኛ መጥቶ ከላይ ጠግኖ ሄዷል። ውኃው የፈሰሰው ከላይ፣ ሂሳቡ የወረደው እኔ ላይ!

ሌላው ደግሞ የባሰ ነው። አዲስ ተከራይ ገብቷል። የቀድሞ ጎረቤቴ እንደነገረችኝ ግድግዳው እስካሁን አልተቀባም፣ የቁም ሳጥኑ ምልክትም እንዳለ ነው። ታዲያ 16,000 ብሩ የምን ነው?

ወደ ቦይለሩ ስመጣ፣ ስገባ በፈረምነው የርክክብ ቅጽ ላይ «ቦይለር፦ ያገለገለ» ተብሎ ተጽፏል። ሲቃጠል ባለሙያ አስከፍቼ አይቻለሁ። የማሞቂያው ሽቦ ነጭ ኖራ ተጋግሮበት ውፍረቱ እጥፍ ሆኗል። በውኃው ኖራና መብራት ሄዶ ሲመጣ በሚፈጠረው መዋዠቅ ዕድሜው ያለቀ ዕቃ ነው። በአዲስ ዋጋ እኔን ማስከፈል ዓይን ያወጣ ነገር ነው።

ጽዳቱ ረጅም ክርክር አያስፈልገውም። መውጫ ቅጹ ላይ «ንጹሕ» ብሎ የፈረመው የእናንተው ሰው ነው።

ውላችን ከመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ወዲህ ታድሶ በወረዳ የተመዘገበ ነው። ገጽ በገጽ አንብቤዋለሁ። ተከራይ ሲወጣ ቀለም ያስቀባል የሚል አንቀጽ የለውም።

ስለዚህ የቧንቧው 1,400 ብር ይቀነስና ቀሪው 26,000 ብር ኪራይ ስከፍልበት ወደነበረው ሂሳቤ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲገባልኝ እጠይቃለሁ። አይሆንም ካላችሁ ምክንያታችሁን ከደረሰኝ ጋር በጽሑፍ ስጡኝ። መልስ ካላገኘሁ ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት እወስደዋለሁ።

የመግቢያና የመውጫ ቅጾቹን፣ የቴሌግራም መልእክቱንና የግድግዳውን ፎቶዎች አያይዣለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የቀድሞ ተከራያችሁ