የቀሩንን 125 ሰዓታት አግዙን

አምና ክረምት አንዲት ልጅ ግማሽ መደብ ሽንኩርት ነቅላ ጨረሰች። አረም መስሏት ነው። አይፈረድባትም፤ ገና ብቅ ያለ የሽንኩርት ችግኝ ቁርጥ ሣር ነው የሚመስለው። እሷ ደግሞ ፎቅ ላይ ያደገች ልጅ ናት። ሣሩን በክብር ትታ፣ ሽንኩርቱን አንድ በአንድ እየመዘዘች ከኋላዋ ደርድራው ነበር።

ቀድማ ያየቻት አጠገቧ ባለው መደብ ላይ ስትኮተኩት የነበረች የገበሬ ልጅ ናት። ሁለቱ ከመጡ ጀምሮ አይዋደዱም። አንዷ «ፋራ» ብላለች፤ ሌላዋ «ሞልቃቃ» ብላ መልሳለች። አሁን ደግሞ ይሄ ጉድ ተገኘ! የገበሬዋ ልጅ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሌሎቹንም ጠርታ ሙድ ያዙባት። ከዚያ ግን ቀና ብላ ፀሐዩን አየች። ሥሩ ሳይደርቅ ከተመለሰ ሊተርፍ እንደሚችል ታውቃለች። «ነይ ቶሎ በይ፣ አንቺ ቀዳዳውን ክፈቺ፣ እኔ ልትከል» አለቻት። አንዷ አፈሩን በጣቷ እየወጋች፣ ሌላዋ ሥሩን እየሰደደችና በአውራ ጣቷ ዙሪያውን ጠቅ ጠቅ እያደረገች፣ መደቡን መልሰው ሞሉት። ውሃም አጠጡት። አብዛኛው ተረፈ።

በማግስቱ ምሳ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው አየናቸው። ጓደኛሞች ሆኑ ብዬ ባወራችሁ ደስ ባለኝ፤ ግን አልሆኑም። ገና ነበር። 3ቱ ሳምንት አለቀና ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ።

ይህን የምጽፍላችሁ ስለዚያ «ገና» ነው።

ለማታውቁን፦ በትምህርት ዕረፍት ከ15 እስከ 17 ዓመት የሆናቸውን ልጃገረዶች አንድ ማሳ ላይ የምናሠራ ወላጆችና ጎረቤቶች ነን። አምና 24 ልጆች ነበሩን። ግማሾቹ ከከተማ፣ ግማሾቹ ከገበሬ ቤት። በሌላ ጊዜ መንገድ ላይ ቢተላለፉ ሰላም የማይባባሉ ናቸው። መሬቱን ያዋሰን አንድ ቤተሰብ ነው። የሚመረተውን ልጆቹ ይካፈሉታል።

ጄፍሪ ሆል የሚባል የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት፣ ሰው ከመተዋወቅ አልፎ ተራ ጓደኛ ለመሆን 50 ሰዓት ገደማ አብሮ ማሳለፍ እንደሚያስፈልገው ጽፏል። ጓደኛዬ ለማለት 90 ገደማ፣ ለልብ ጓደኝነት ደግሞ ከ200 በላይ። ያጠናው ጎልማሶችንና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ስለሆነ ለእኛ ልጆች በልካቸው የተሰፋ ቁጥር አይደለም። እኔ ግን ሳነበው ካልኩሌተር አወጣሁ። አምና በቀን 5 ሰዓት፣ በሳምንት 5 ቀን፣ 3 ሳምንት ሠራን። 75 ሰዓት! ልክ ነገሩ ሊጥም ሲል በተናቸው ማለት ነው። 8 ሳምንት ቢሆን 200 ይሞላል።

የሚገርመው ፎሶሊያም በዚሁ ሒሳብ ነው የሚሄደው። አጭሩ ዓይነት ተዘርቶ እስኪለቀም ከ50 እስከ 60 ቀን ይወስዳል። አምና ልጆቹ ዘሩት፣ ብቅ ሲል እልል አሉ፣ ኮተኮቱት፣ ከዚያ ሄዱ። የለቀምነው እኛ ትልልቆቹ ነን። ወገባችን የተቀጣውን እኛ እናውቃለን።

አንዳንድ ወዳጆቻችን «ለማቀራረብ ከሆነ አዳራሽ ሰብስባችሁ ሻይ አታጠጧቸውም ወይ?» ይሉናል። አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ1954 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሙዛፈር ሸሪፍና ባልደረቦቹ 22 ወንዶች ልጆችን አሜሪካ ውስጥ፣ ኦክላሆማ፣ የክረምት ካምፕ አስገብተው ለሁለት ቡድን ከፈሏቸው። አፎካከሯቸው፤ ልጆቹ ተጣሉ። ከዚያ አብረው እንዲበሉና ፊልም እንዲያዩ ሲደረግ ጭራሽ ባሰባቸው፤ በምግብ እስከ መወራወር ደረሱ። የበረዱት ለብቻ የማይቻል ሥራ ሲመጣ ነው። የካምፑ ውሃ ሲቋረጥ ችግሩን አብረው ፈለጉ። መኪና አልነሳ ሲል ቀድሞ ጉተታ የተፎካከሩበትን ገመድ አምጥተው በአንድነት ጎተቱት። ልጆቹ እየተጠኑ መሆኑን አያውቁም ነበርና በዚህ ጥናቱ ሲወቀስ ኖሯል፤ ወቀሳውም ተገቢ ነው። እኛ ማንንም አናጣላም። ሳናጣላቸውም ተጣልተው ነው የሚመጡት።

ማሳ ደግሞ እንዲህ ያለውን ሥራ ሳንፈጥርለት ራሱ ያመጣል። ውሃ የሞላ ባልዲ በዱላ አንጠልጥሎ ለሁለት መሸከም ለምሳሌ። እርምጃችሁ ካልገጠመ ውሃው እግራችሁ ላይ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን እኔ የምወደው የጤዛውን ሰዓት ነው። ፎሶሊያ ቅጠሉ እርጥብ ሳለ አይነካም፤ በሽታ በእጅና በልብስ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ይዛመታል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ጤዛው እስኪደርቅ ይጠበቃል። ስልክ ቅርጫት ውስጥ ነው። ሥራ የለም። ታዲያ ምን ይደረጋል? ይወራል። አንድ ቀን ያቺ ሽንኩርት ነቃይ መዳፏ ላይ የገባ እሾህ በመርፌ ሲወጣላት አይቻለሁ። መርፌውን የያዘችው አጎንብሳ ምላሷን ነክሳለች፤ እጇን የሰጠችው ዓይኗን ጨፍና ስለ እናቷ ታወራለች። መርፌውን የያዘችው ማን እንደሆነች ገምታችኋል።

ችግሩ አምና የነበረችን መጠለያ አንዲት ሸራ መሆኗ ነው። ከሥሯ የሚያርፈው ግማሹ ልጅ ነው። የቀደመ ከነቡድኑ ይገባል፣ የዘገየ ውጭ ይቆማል። ጥላ ስላጠረን ብቻ ያቀራረብናቸውን ልጆች ጠዋት ጠዋት መልሰን እንለያያቸው ነበር። ይሄ የእኛ ጥፋት ነው።

«የልጅ ጉልበት ብዝበዛ አይሆንም?» ብላችሁ ብትጠይቁ አንቀየምም፤ መጠየቅም አለበት። እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው 138ኛው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነት ለሥራ ያስቀመጠው አጠቃላይ ዝቅተኛ ዕድሜ 15 ነው፤ አደገኛ ለሆነ ሥራ ደግሞ 18። ስለዚህ የእኛ ልጆች ፀረ ተባይ አይነኩም፣ ሞተር አያስነሱም፣ ከባድ ጆንያ አይሸከሙም። ባልዲውም ለሁለት የሆነው ለዚሁ ነው። የደከማት ታርፋለች፤ የማትፈልግ ልጅ በወላጅ ግፊት አትመጣም።

እንግዲህ የምንለምናችሁ የቀሩትን 5 ሳምንታት ነው፤ 125 ሰዓት። ትልቁ ወጪ ማመላለሻና ምሳ ነው። ቀጥሎ ሁሉንም የሚያስጠልል ሰፊ ዳስ። እንጨቱን ቃል የገባልን ሰው አለ፤ ቆርቆሮና ምስማር ይቀረናል። 10 መኮትኮቻ፣ ጓንት፣ አንድ የውሃ ታንከርና የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥን ያስፈልጉናል። ሚኒባስ ያላችሁ በሳምንት አንድ ቀን ብታመላልሱልን ከገንዘብ አይተናነስም። ገንዘብ የምትሰጡ ለኮሚቴው ገንዘብ ያዥ ስጡና ደረሰኝ ተቀበሉ። ደረሰኝ ሳትይዙ እንዳትሄዱ። ወጪው በየሳምንቱ ዳሱ ላይ ይለጠፋል፤ መጥታችሁ አንብቡት።

ፎሶሊያው የሚዘራው በመጀመሪያው ቀን ስለሆነ፣ 8 ሳምንት መሆን አለመሆኑን ትምህርት ቤት ከመዘጋቱ በፊት ማወቅ አለብን። 3 ሳምንት ብቻ ከሆነ ሰላጣ ነው የምንዘራው።

ያገለገለ ቦቲ ጫማም እንቀበላለን፤ ከ36 እስከ 40 ቁጥር። ስታመጡ ግን ጥንዱን አረጋግጡልን። አምና ሁለት የግራ እግር ደርሶናል፤ አሁንም ዕቃ ቤት ተቀምጦ አለ።