ስንት ቀሩ ብቻ ሳይሆን ምን ያህል ይለያያሉ?

ለተከበራችሁ አዘጋጆች፣

ሊጠፉ ስለተቃረቡ እንስሳት ስትጽፉ ሁሌ የምትነግሩን ስንት እንደቀሩ ነው። ቁጥሩን ማወቁ ጥሩ ነው፣ ግን የቀሩት እርስ በርስ ምን ያህል ይለያያሉ የሚለው ጥያቄ ለምን ይቀራል? ለኔ ትልቁ ነገር እሱ ነው።

አቦሸማኔን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ተመራማሪዎች ዝምድና ከሌላቸው አቦሸማኔዎች ቆዳ ወስደው አንዱ ላይ የሌላውን ሲያጣብቁ ሰውነታቸው እንደራሱ ቆዳ ተቀበለው፣ ሌላ እንስሳ ቢሆን እኮ ባዕድ ነው ብሎ በቶሎ ይጥለው ነበር። ዘረመላቸው ያን ያህል ተቀራርቧል ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን አንዱን የሚጥል በሽታ ሌሎቹንም ለመጣል አይቸገርም።

ጤነኛ ዝርያ ውስጥ ግን ውርስ ራሱ ልዩነት ይፈጥራል። ሰው ከእናቱ 23 ከአባቱ 23 ክሮሞዞም (ዘረመል የተሸከሙ ክሮች) ይወርሳል፣ እያንዳንዱ ወላጅ 23 ጥንድ ስላለው ከየጥንዱ የትኛው እንደሚደርሰው ግን እጣ ነው፣ በዚህ ብቻ አንድ ወላጅ ከ8 ሚሊዮን በላይ አይነት ድርሻ ሊያወርስ ይችላል፣ ያውም ክሮሞዞሞቹ እርስ በርስ ቁርጥራጭ የሚለዋወጡትን ሳንቆጥር። ሚውቴሽን ደሞ አለ፣ ማለትም ዘረመል ላይ በአጋጣሚ የሚመጣ ለውጥ፣ አብዛኛው ምንም አያመጣም፣ አንዳንዱ ይጎዳል፣ አልፎ አልፎ ግን አዲስ በሽታ ወይ ድርቅ ሲመጣ የሚተርፈው እሱን የያዘው ነው።

ሙዝ ይሄ እድል የለውም። ለገበያ የሚለማው የሚበቅል ዘር የለውም፣ የሚራባው ከእናቱ ስር በሚነቀል ችግኝ ስለሆነ ሁሉም ቅጂ ነው። ግሮ ሚሼል የሚባለውን ዝርያ አፈር ውስጥ የሚኖር ፈንገስ ከትልልቅ እርሻዎች ጠራርጎ አጠፋውና በካቨንዲሽ ተተካ፣ አሁን የዛው ፈንገስ ሌላ አይነት ካቨንዲሽንም እያጠቃ ነው።

ተስፋ የሚሰጠኝ አሜሪካ ፍሎሪዳ ውስጥ የሚኖረው የፑማ፣ ማለትም የትልቅ የዱር ድመት፣ ታሪክ ነው። ከ20 እስከ 30 ገደማ ቀርተው እርስ በርስ ሲዋለዱ ጭራቸው ተቆልምሞ፣ ልባቸው ጉድለት ይዞ ይወለዱ ነበር፣ ወንዶቹም የመራባት ችግር ነበረባቸው። እ.ኤ.አ. በ1995 ከቴክሳስ 8 ሴት ፑማዎች አምጥተው ለቀቁላቸው፣ የተወለዱት ግልገሎች ጉድለቱ ቀነሰላቸው፣ በአስራ ምናምን አመት ውስጥ ቁጥራቸው ሶስት እጥፍ ገደማ ሆነ። ልብ በሉ፣ 8 ተጨመሩ ብቻ አይደለም፣ ሌላ ዘረመል ነው የገባው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ባለሙያ ስታነጋግሩ ስንት ቀሩ ብላችሁ አታቁሙ፣ ምን ያህል ተዛምደዋል፣ ከሌላ አካባቢ የሚቀላቀልስ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁልን፣ መልሱንም ከቁጥሩ ጎን አውጡልን።

አንባቢያችሁ