ፈሪ አይደለህም፣ ልጄ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደሴ ብርዱ በርትቷል፤ የጦሳ ተራራ ጉም እንደለበሰ ነው የሚያረፍደው።

ባለፈው በስልክ «እማ፣ ፈሪ ሆኛለሁ» ያልከኝ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። የሲኖትራክ ጎማ ሲፈነዳ አልጋ ስር ገባህ፣ የዶርም ልጆች ሳቁ። ይሳቁ። ባዮሎጂ አስተማሪ እናት አለችህና በሙያዬ ላስረዳህ።

አንጎልህ ውስጥ ጠለቅ ብላ፣ በቀኝም በግራም፣ ከለውዝ ፍሬ ብዙ የማትበልጥ፣ አደጋን የምትጠብቅ አሚግዳላ የምትባል ክፍል አለች። ለብቻዋ ምንም አታደርግም። ጉልበቷ ከሌሎቹ ክፍሎች ጋር ያያዟት ነርቮች ናቸው። ጆሴፍ ለዱ የሚባል ሳይንቲስት በአይጦች እንዳሳየው፣ ድምፅ ወደ እሷ የሚደርሰው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ከታላመስ፣ ማለትም የስሜት መልእክቶች ከሚያልፉበት የአንጎል ጣቢያ፣ በቀጥታ የሚገባ አቋራጭ ነው። ሌላው በኮርቴክስ፣ ማለትም በአንጎል የላይኛው ንጣፍ፣ ዞሮ፣ ተጣርቶ ይመጣል። አሚግዳላ ሰውነትን ለሚያዝዘው የአንጎል ክፍል፣ ለሃይፖታላመስ፣ ስታስተላልፍ አድሬናሊን የሚባለው የድንጋጤ ሆርሞን ይለቀቃል፣ ልብ ይደልቃል፣ እግር ይነሳል። «ጎማ ነው እኮ» የሚለው ሐሳብ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው።

በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ልጅ ነበርክ። ከባድ መሣሪያ ሲያጓራ መስኮቱ እንዴት ይንቀጠቀጥ እንደነበር አልረሳውም። ያኔ አሚግዳላህ «እንዲህ ያለ ድምፅ ሲመጣ ሩጥ» ብላ ተማረች። ልክ ነበረች።

ከግንባርህ ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ደግሞ «ተይ፣ ደህና ነው» ይላታል። ሁለቱን የሚያገናኘው መስመር እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ድረስ እየበሰለ ይሄዳል፤ አንተ ገና ነህ። እንቅልፍ ሲጓደል ደግሞ ይላላል። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣ ጥናት፣ አንድ ሌሊት ያልተኙ ሰዎች አስከፊ ሥዕል ሲያዩ አሚግዳላቸው ከተኙት በ60 በመቶ ገደማ በልጦ ተቆጥቷል። ስለዚህ ፈተና ደረሰ ብለህ ጫት ይዘህ አትደር። ይህን እንደ እናትም ነው የምልህ።

የድሮው ትምህርት አይፋቅም። ድምፁ ደጋግሞ መጥቶ ክፉ ነገር ሳይከተለው ሲቀር ግን አዲስ ትምህርት ይደረብበታል። አንዳንዴ የድሮው ብቅ ቢል «ወደ ኋላ ተመለስኩ» አትበል። የመኪና ድምፅ ፈርተህ በመናኸሪያው በኩል ማለፍም አትተው። መጀመሪያ ከጓደኛ ጋር እለፍ፣ ትንፋሽህን ረዘም አድርገህ አስወጣ። ቅዠቱ ካልተወህ ግን ባለሙያ ጋር እንሄዳለን፤ ነውር የለውም።

ለአረፋ ስትመጣ ሰኞ ገበያ አብረን እንወርዳለን፤ ጫማም ያስፈልግሃል። አብሽር።

እናትህ፣ ከደሴ